የጋሽ ኤርካሎ ጋቢ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ይህን ደብተር የሰጠን ፕሮጀክቱ ነው። ሽፋኑ ላይ «ትምህርትና ምርምር በአንድ መረብ» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ታትሟል። ለስብሰባ ማስታወሻ ተብሎ ነበር። ስብሰባ ላይ ግን ከአስተባባሪያችን ከአቶ ደገፉ በቀር ማን ይናገራል? እርሳቸው የሚሉትን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ደብተሩ የራሴ ይሁን።

የቤሌ መስመር ዛሬ ሳይቆራረጥ ሃያኛ ቀኑን ያዘ። ሃያ ቀን! ኢንተርኔቱ ከሶዶ ተነሥቶ ኮረብታው ላይ ያለውን ታወር ይነካል፣ ከዚያ ቤሌ ኮሌጁ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። የኮሌጁ ልጆች አንድ የጥናት ጽሑፍ ለማውረድ ሶዶ ድረስ በሚኒባስ ይመላለሱ ነበር። አሁን ቤተ መጻሕፍታቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ያወርዳሉ። ሳያቸው ደረቴ ይነፋል፤ ለምን እዋሻለሁ።

ኮረብታው ላይ መብራት የለም። ታወሩ የሚሠራው ፀሐይ በምትሞላቸው አራት ባትሪዎች ነው። ጠባቂው ጋሽ ኤርካሎ ናቸው። ታወሩ የቆመውም በእርሳቸው የግጦሽ መሬት ላይ ነው። መሬቱን ሲሰጡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያው ጥበቃ ሆነው መቀጠር። የወላጆቼ ጎረቤት ናቸው፤ ሄጄ ያሳመንኳቸውም እኔ ነኝ።

ሐምሌ 9 በዚህ መስመር መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። አቶ ደገፉ በቀን ሦስቴ ይደውሉልኛል። «ጌታነህ፣ አደራ! አንተን ነው የማውቀው!»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ወንጌላዊ ይስሐቅ ለብቻ ጠሩኝ። የወጣቶች ጉባኤው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ነው። መብራት በፈረቃ ሆኗል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጀነሬተር ከፋሲካ ወዲህ አልተነሣም። «ሳውንዱን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ወንድም ጌታነህ። ጌታ በአንተ በኩል መንገድ ያበጃል» አሉኝ።

ጌታ በእኔ በኩል የሚያበጀው መንገድ ሁሌም ገመድ መጎተት ነው። እስቲ አያለሁ አልኩ።

ለሚስቴ ለብሩክታይት ነገርኳት። «እምቢ በል» አለች። «አንተ አፍ ላይ እሺ ብቻ ነው የበቀለው።»

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ዝናብ። ኮረብታው ላይ ወጣሁ። አራት ባትሪ አለ፤ ለሦስት ቀን ታወሩን ሁለቱ ይይዙታል። አስልቼ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ፈትቼ ብቻዬን አወረድኩ። ጋሽ ኤርካሎ አልነበሩም፣ ገበያ ሄደው ነበር። በጆንያ ሸፍኜ በቤሌ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሶዶ አስገባኋቸው። ለወንጌላዊ ይስሐቅ ከጓደኛ ነው የተዋስኩት አልኳቸው።

እሁድ ይመለሳሉ። ፈተናው ረቡዕ ነው። ማንም አይጎዳም።

እሁድ፣ ሐምሌ 6

ተባረክን! ሦስቱንም ቀን መብራት ጠፋ፤ የእኛ ድምፅ ግን አንዴም አልጠፋም። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ ሰማ። ሃምሳ ሦስት ወጣቶች ጌታን ተቀበሉ። ወንጌላዊው ከመድረክ «ወንድም ጌታነህን ጌታ ይባርከው» ሲሉ ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ትናንት ማምሻውን የባትሪውን ኃይል ለድምፅ መሣሪያው የሚቀይረው ኢንቨርተር መጮህ ጀምሮ ነበር። ባትሪው ባዶ እየሆነ ነው፣ አጥፉኝ ማለቱ ነው። በዝማሬ መሃል ማን ያጠፋል? ሰው እያለቀሰ! የማስጠንቀቂያውን ሽቦ ነቀልኩትና ቀጠልን። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይሆንም።

ዛሬ መኪና አላገኘሁም። ነገ እመልሳቸዋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

መለስኳቸው። አሰርኳቸው። መለኪያው ዝቅ ብሏል፣ ግን ፀሐይ ይሞላዋል። ዛሬ ፀሐይ የለም።

ስደርስ ጋሽ ኤርካሎ በሸሚዝ ብቻ ቆመው ይንቀጠቀጡ ነበር። በዚያ ብርድ! አንጀቴን በሉት። ስወርድ ግን ጋቢያቸውን ደርበው ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ደመና። ከጠዋት እስከ ማታ ደመና። መለኪያው እየወረደ ነው።

ለአቶ ደገፉ ልንገራቸው? ብነግራቸው ምን ብዬ? ሌላ ባትሪ ዛሬውኑ ይገኝ ነበር ይሆናል። ግን «ለምን ወረደ?» ይላሉ።

ጌታ ሆይ፣ የነገዋን ቀን ብቻ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

2፡30። ተጀመረ። መቶ አሥራ ሁለቱም ገብተዋል።

3፡15። ደህና ነው።

4፡10። ጠፋ።

4፡12። ኮረብታው አይመልስም።

4፡30። አቶ ደገፉ። አቶ ደገፉ። አቶ ደገፉ። ስልኩን ገለበጥኩት።

5፡00። ቤሌ ያለው ፈታኝ ደወለ። «ልጆቹ ስክሪን ላይ አፍጠው ቁጭ ብለዋል። የጻፉትም አልተላከም። ተነሡ ልበላቸው?» ቆዩ በላቸው አልኩ። ለምን ቆዩ እንዳልኩ አላውቅም።

7፡00። ተነሡ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ከጎህ ጋር ወጣሁ። ሁለቱ ሞተዋል። ባትሪ እስከ መጨረሻው ጠብታ ከተመጠጠ ወዲያ አይነሣም። ከደህናዎቹ ጋር ሲታሰር ደግሞ እነርሱንም ይመጥጣቸዋል። አንድ የታመመ በሬ ጥማዱን ሁሉ እንደሚያስቆም ማለት ነው። የሞቱት የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ደመናውም ነው። እንዲህ ያለ ሐምሌ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ኤርካሎ አጠገቤ ቆመው እጄን ሲያዩ ቆዩ። አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንዴት ምንም አይጠይቅም?

ቤሌ ላይ አንዲት ልጅ ስትወጣ ራሷን ስታ ወደቀች አሉ። ለሁሉም ሌላ ቀን ይሰጣቸዋል እየተባለ ነው። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ኮሚቴው ኮረብታው ላይ ወጣ። አቶ ደገፉ፣ ሁለት ሰዎች ከኮሌጁ፣ እኔ «እንደ ባለሙያ»።

አቶ ደገፉ ሞኝ አይደሉም። የባትሪዎቹ ብሎን በቅርቡ እንደተፈታ በዓይናቸው ለዩት። «ሰው ፈትቶታል። ለሠርግ ቤት አከራይተውታል!» አሉና የጥበቃ ቤቱን አስፈተሹ። ቤት ብለው ነው እንጂ አራት ቆርቆሮ ነው። ያገኙት አንድ ጋቢ ነው። ሲዘረጋ መሃሉ ወንፊት ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋቢ ናት» አሉ ጋሽ ኤርካሎ።

«ቀዳዳውን ነው የምጠይቅዎት። የባትሪ አሲድ አይደለም?»

«ነው።»

«ስለዚህ ባትሪ ተሸክመዋል።»

«ተሸክሜአለሁ።»

«ወዴት? ለማን?»

ጋሽ ኤርካሎ ጋቢያቸውን አጣጠፉ።

«ሰውዬ፣ መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ነው የተጫወቱበት! ለማን ሰጡ?»

«አደራ አለብኝ። አልናገርም።»

«የሌባ አደራ!» አሉ አቶ ደገፉ። የኮሌጁ ሰዎች ሣቁ። ጋሽ ኤርካሎ ወደ እኔ አላዩም። አንዴም። ምን አደራ እንዳለባቸው እኔ አላውቅም።

ከዚያ አቶ ደገፉ ወደ እኔ ዞሩ። «ጌታነህ፣ እንደ ባለሙያ ምን ትላለህ?» ባትሪዎቹ ከታወሩ ውጭ ለሌላ ሥራ ውለዋል አልኩ። እውነት ነው። በጽሑፍ አድርገው አሉኝ። ቢሮ ገብቼ ጻፍኩት፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ሐሰተኛ ዓረፍተ ነገር የለበትም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

የሞቱትን ባትሪዎች ይዤ አብዱሰመድ ሱቅ ሄድኩ። ባትሪ ከአባቱ ጀምሮ ይሸጣል፣ ሶዶ ውስጥ እንደ እርሱ የሚያውቅ የለም። ክዳኑን ከፍቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ባትሪ ተኝቶ አይሞትም፣ ወንድሜ። ይሄ ተገርፎ ነው የሞተው። ለሠርግ የማከራያቸው እንዲህ ሆነው ነው የሚመለሱልኝ። ሳውንድ ነው የሚበላቸው።»

ጥበቃው ነው አልኩ። 

ክዳኑን እየዘጋ፣ «ጉባኤያችሁ ግን አምሮ ነበር» አለኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ፣ የእናንተ መዝሙር እኔ ቤት ድረስ። ሀጂራ እንኳ ጀነሬተር ገዙ እንዴ አለችኝ።» ሀጂራ ሚስቱ ናት። ሌላ ነገር አልጨመረም። ሻይ አዘዘልኝ፤ ቸኩያለሁ ብዬ ወጣሁ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

የስንብት ደብዳቤው ወጣ። አቶ ደገፉ «አገርህ ነው፣ አንተ አድርስላቸው» አሉ። ሌላ ሰው ይሂድ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

ጋሽ ኤርካሎ እንሰታቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ሳሮ፣ ልጄ» ብለው ሰላም ሊሉኝ ተነሡ። አባቴንም እናቴንም አንድ በአንድ ጠየቁ። ዳጣ በርበሬ ያለው ጎደሬ አቀረቡልኝ። ደብዳቤውን ስሰጣቸው መልሰው ዘረጉልኝ።

«መነጽር የለኝም። አንብብልኝ።»

አነበብኩ። «እምነት በማጉደል» የሚለው ላይ ድምፄ ወረደ።

«አልሰማሁም። ድገመው።»

ደገምኩት። መጀመሪያም ሰምተው ነበር።

አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ፣ «ታወርዋስ?» አሉ።

«ምን ሆነች?»

«መሬቴ ላይ ናት። እኔ ስባረር እሷም ትሄዳለች ወይ?»

እኔ ሣቅሁ። እርሳቸው አልሣቁም። ጎደሬውን አልጨረስኩም።

እሁድ፣ ነሐሴ 18

ከአምልኮ በኋላ ወንጌላዊ ይስሐቅ ወደ ጸሎት ክፍል ወሰዱኝ። የገጠሩ አጥቢያ አንድ ሽማግሌ በስርቆት ከጌታ እራት ታግደዋል፣ ስማቸው ኤርካሎ ነው፣ አንተ የአካባቢው ልጅ ነህ አሉኝ። «ስለ ወደቀው ወንድማችን እንጸልይ። አንተ ምራን።»

ስምንት ሰው ነበርን፣ ተንበርክከን። መራሁ። ንስሐ እንዲገቡ ለመንኩላቸው። ልባቸውን ክፈት፣ የሸሸጉትን ይናገሩ ብዬ ለመንኩ።

ሲያበቃ አንዲት እህት እጄን ጨብጣ «እንዴት ያለ ከልብ የወጣ ጸሎት ነው» አለችኝ። ሥራ አለኝ ብዬ ወጣሁ። እሁድ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

አዲሶቹ ባትሪዎች ገቡ። መስመሩ ተነሣ። ኮረብታው ላይ አዲስ ጥበቃ ቆሟል፣ ከከተማ የመጣ፣ ዝናብ ሲመጣ ታወሩን ትቶ የሚሮጥ። እኔ የአረካ መስመር ኃላፊ እሆናለሁ፤ አቶ ደገፉ በስብሰባ ላይ «በችግር ጊዜ የተፈተነ ልጅ» አሉኝ። ጭብጨባ ነበረ።

ማታ ለብሩክታይት ነገርኳት። እልል የምትል መስሎኝ ነበር። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«እናትህ ደውለው ስለ ጋሽ ኤርካሎ ጋቢ ነገሩኝ» አለች። «አሲድ በላው አሉ።»

«አዎ።»

ከቅርጫቱ ሥር አሮጌ ሱሪዬን አወጣች። ጭኑ ላይ አራት ቀዳዳ። «ይሄን በጉባኤው ሳምንት ነው የለበስከው። አይጥ መስሎኝ ልጥፈው ብዬ አስቀምጬው ነበር። ጌታነህ፣ ጋቢውንና ሱሪህን የበላው አንድ አይጥ ነው?»

ሱሪውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችና ሱሪውን ሳትጥፈው መልሳ አስቀመጠችው። እዚያው አለ። ባለፍኩ ቁጥር ይታየኛል።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሐምሌ 2 ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ለራሴ ደብተር ዋሸሁ። ማን ያነበዋል ብዬ? ማን ይከሰኛል ብዬ? እንግዲህ እንዲህ ነበር።

ጋሽ ኤርካሎ ገበያ አልሄዱም። ኮረብታው ላይ ነበሩ፣ እንደ ሁልጊዜው። ባትሪውን ስፈታ ሲያዩኝ፣ «ልጄ፣ ፈተናው ሳይደርስ?» አሉኝ። ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው አልኳቸው። ታወሩን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣ «ለእርሱ ቤት ከሆነ ልሸከም» አሉ። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንዱ ባትሪ ሠላሳ ኪሎ ነው። አንዱን እርሳቸው አንዱን እኔ፣ በዚያ በሚያዳልጥ ጭቃ አርባ ደቂቃ ወረድን። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ስንጭነው ጋቢያቸውን አወለቁና ከሥሩ አነጠፉት። «መንገዱ ያንገላታቸዋል» አሉ። ለባትሪ ነው የሳሱት። እኔ ሱሪዬ ላይ ጭቃ የመሰለኝ አሲድ ነበር።

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ክንዳቸውን ይዤ፣ «ጋሽ ኤርካሎ፣ አደራ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ትቅር» አልኳቸው።

«በምድር ያለ ሰው አይሰማትም» አሉኝ።

እኔ ነኝ አደራ ያልኩት። ሥራቸው ሲሄድ፣ ስማቸው ሲሄድ፣ የጌታ እራት ሲከለከሉ ይዘውታል። እኔ አደራ የሚለውን ቃል የማውቀው አቶ ደገፉ በስልክ ሲሉት ነው።

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እየከበደ ነው የሄደው። ሐሙስ አዲስ ዓመት ነው፤ ቢሮ ይዘጋል። ሲከፈት እናገራለሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ቢሮው ከተከፈተ አምስት ቀን ሆነው። ሰኞ አቶ ደገፉ እንግዳ ነበራቸው። ማክሰኞ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ረቡዕ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ደስታቸውን ላበላሽ አልፈለግሁም። ይህን ስጽፈው ራሴን እጠላዋለሁ።

ዛሬ እማማ ደወሉ። በሰፈራችን አሥራ አራት ቤተሰብ ለወላይታ አዲስ ዓመት፣ ለጊፋታ፣ አንድ በሬ ይጋራል፤ ጋሽ ኤርካሎ ከእኔ መወለድ በፊት ጀምሮ አሉበት። ዘንድሮ ስማቸውን አወጡት። ከሌባ ጋር ከአንድ በሬ አንቆርጥም ብለው። ውሳኔውን ሊነግራቸው የሄደው ማን ነው አልኳቸው።

«አባትህ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

ብሩክታይትን ይዤ ለበዓሉ አባቴ ቤት መጣሁ። የጊፋታ ዋዜማ ስለሆነ እንደ ወጉ ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት የሚሻገር የለም። የተጣላ ይታረቃል፣ የበደለ ይናገራል። የድንበር ነገር ነበር፣ ታረቁ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ ተሳሳሙ። ጋሽ ኤርካሎ ከሁሉ ርቀው ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያንኑ ጋቢ ደርበው።

«ሌላ አለ?» አሉ ሰብሳቢው።

ብሩክታይት ከሴቶቹ መካከል አየችኝ። ተነሣሁ። 

«ባትሪውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ። እርሳቸው ሌባ አይደሉም። አደራ ብያቸው ነው ዝም ያሉት። የበደልኩ እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ተናገርኩ፣ ጋቢውንም፣ ሪፖርቱንም።  ሁለት ወር የፈራሁት ፍርድ አሁን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሰብሳቢው ተነሥተው ጭንቅላቴን ሳሙኝ።

«እንዲህ ያለ ልጅ ይብዛልን» አሉ። «ለሽማግሌ ብሎ ኃጢአት በራሱ ይሸከማል!»

«አይደለም! እውነቴን ነው!»

«እናውቃለን፣ ልጄ፣ እናውቃለን። መርምሮ ወረቀት ላይ የጻፈው ራስህ አይደለህ? ቢሮ ፈርዷል። አንተ ግን አንጀትህ አልቻለም። ተባረክ።»

አባቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እንደዚያ ኮርተውብኝ አያውቁም። እኔ እምላለሁ፤ እነርሱ ይመርቁኛል። በማልኩ ቁጥር ደግነቴ እየበዛ ሄደ። «ተምሮ እንዲህ ትሑት!» አለ አንዱ። በመጨረሻ ፈረዱ። ስለ ጌታነህ ልመና ሲባል ኤርካሎ ይቅር ተብለዋል፤ ወደ በሬው ይመለሱ። ሕዝቡ አሜን አለ።

ጋሽ ኤርካሎ ተነሡ። «ሥጋዋን አልፈልግም» ብለው ሄዱ። ከኋላቸው «ኩራት!» አለ ሰው።

ሮጬ አጥራቸው ጋ ደረስኩባቸው። እግራቸው ሥር ወደቅሁ። አላነሡኝም።

«እስከ ዛሬ ሌባ ከሚለኝ ሰው ግማሹ ይጠራጠር ነበር» አሉ። «ዛሬ ምሕረት የተደረገለት ሌባ አደረግኸኝ። ከዚህ ወዲያ የሚጠራጠር የለም።»

«ጋሽ ኤርካሎ፣ ተናገርኩ እኮ! ምን ላድርግ? ሰሙኝ፣ አላመኑኝም!»

«አፍህ ቀድሞ የመሰከረውን ነው የሚያምኑት። ቢሮ ደግሞ አፍ አያምንም፣ ወረቀት ነው የሚያምን። በወረቀት ነው የቀበርከኝ። ወረቀት አምጣ።»

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

እሁድ፣ መስከረም 18

ጊፋታ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ልጆች «ዮዮ ጊፋታ» እያሉ በየደጁ ያልፋሉ። በሬው ታርዷል፤ የበዓሉ ምግብ ሙቹዋ ቀርቧል። እማማ በላዩ ቅቤ ሲያፈሱልኝ፣ «ለኔ ጻድቅ ልጅ» አሉኝ። አባቴ የጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው የትናንቱን እንደ አዲስ እየተረኩ ነው። አንዴ ልናገር ስል ሣቁና ጀርባዬን መቱኝ።

ከዚህ ሆኜ የጋሽ ኤርካሎ ቤት ይታየኛል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የለም። የአሥራ አራተኛውን ድርሻ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡላቸው። እስካሁን አልተነሣም። ውሻ ዙሪያውን እየዞረ ነው።

ብሩክታይት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንተ ስትነሣ እኔ አምኜሃለሁ» አለች። «ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ። ሱሪው ስላለኝ።»

ጋሽ ኤርካሎ አምጣ ያሉኝ ወረቀት የቱ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ደብተሩን ሰጠኋት። ከሰኔ 24 ጀምራ እስከዚህ አነበበችው። ሐምሌ 2 ላይ ስትደርስ አየችኝ። ያንን ገጽ ልቅደደው ወይ አልኳት። «እንዳትነካው» አለች። «ውሸትህ ነው የሚያሳምናቸው። ደግ ሰው ለራሱ ደብተር አይዋሽም።»

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሶዶ እገባለሁ። ደብተሩና ሱሪው አቶ ደገፉ ጠረጴዛ ላይ ይሆናሉ። የአረካውን መስመር ለሌላ ሰው ይስጡት። የስንብት ደብዳቤ ይጽፉልኛል። «እምነት በማጉደል» የሚለውን አንብቤ አውቀዋለሁ። ለወንጌላዊ ይስሐቅም ግልባጭ ይደርሳቸዋል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ትናንት የኮሩብኝን ያህል ዳግመኛ የሚኮሩብኝ አይመስለኝም።

አንድም ገጽ አልቀደድኩም። አንድም መስመር አልሰረዝኩም። ጋሽ ኤርካሎ፣ ወረቀቱ ይኸው።